በገመድ ገማጇ በር ላይ የቆመ ቤት

«አንዴ ከወጣች መውረድ ምን ያደርግላታል?» አለ የባሌ የወንድም ልጅ።

ሚስቱ ስለ ደረጃው ጠይቃው ነው። እኅትህ ያለችው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ የአሮጊቷ ጉልበት አይችልም፣ እንዴት ትወጣለች አለችው። ለጉልበቴ አዝና እንዳይመስላችሁ፤ ደግፋ የምታወጣኝ እሷ እንዳትሆን ሰግታ ነው። እሱም ይህን መለሰላት። እኔ ከበሩ ወዲህ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሻይዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። በእኔ ክፍልና በእነሱ ሳሎን መካከል አንድ አሮጌ በር አለ፤ በእነሱ በኩል ብፌ አቁመውበታል፣ በእኔ በኩል ካፖርቴን ሰቅዬበታለሁ። ብፌ ያቆመ ሰው በሩን የዘጋ ይመስለዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእነዚህን ባልና ሚስት ወሬ ከሻይዬ ጋር ስጠጣ ኖሬያለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደተኳረፉ፣ መጋረጃው በስንት እንደተገዛና ለዘመድ በስንት እንደተገዛ ተደርጎ እንደተነገረ ሁሉ አውቃለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ጆሮ ባዳ ሆኖብኝ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረፋድ ላይ ከቅርስ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ትመጣለች፤ ቤቱ በቅርስነት ሊመዘገብ ነው። ቅርስ ከሆነ የሚያፈሰውን ጣሪያ መንግሥት ያድስላቸዋል፣ ፎቁን ለእንግዳ ያከራዩታል። አንድ ነገር ብቻ መልኩን ያበላሽበታል፤ ከኋላው የተለጠፈች ቅጥያ አለች፣ የሠራተኛ ክፍል ነበረች፣ እሷ ብትፈርስ ቤቱ እንደ ጥንቱ አምሮበት ይወጣል። የማፍረሻ ፈቃዱ ተፈርሟል፣ ግንበኛውም ዛሬ መጥቶ ያያታል፣ ነገ ይጀምራል። ቅጥያ የተባለችው እኔ የምኖርባት ክፍል ናት። «ለእሷስ ነግረሃታል?» አለች ሚስቱ። «ቁርስ ይዤላት ገብቼ እነግራታለሁ» አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ቁርስ ይዞልኝ የገባው ባሌ የሞተ ሳምንት ነበር።

ይህን ሰው ሰፈሩ ኮሌታ ይለዋል። ሸሚዙ ከአንገቱ በታች የተጨማደደ ቢሆን ግድ የለውም፣ ኮሌታው ግን እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። መዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ቅድመ አያቱ ናቸው። ስለ ቤቱ ታሪክ ሃያ ሁለት ገጽ መጽሔት አሳትሟል፤ ሽፋኑ ላይ ሰገነቱ ላይ ተደግፎ የቆመው ቅድመ አያቱ እንዳይመስላችሁ፣ እሱ ራሱ ነው። ማሳተሚያው የሦስት ወር ጡረታዬን ያህል ፈጅቷል፤ ባለቀበት ሰሞን ደግሞ ጣሪያዬ ሲያፈስ ለአንድ ቆርቆሮ እጅ አጠረኝ ብሎኛል። መጽሔቱን ለእኔም ሰጥቶኛል። የጠረጴዛዬ አንድ እግር አጭር ስለነበረ ጥሩ ሆነልኝ።

ስለ ቤቱ ከእኔ ስሙት። ፊት ለፊት ሁለት ፎቅ ነው፤ የተጠረበ ድንጋይ፣ መከታው እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ የእንጨት ሰገነት፣ አሥራ ሰባት እርከን ያለው ደረጃ። ሳሎኑ ጣሪያው ሰው በሰው ትከሻ ላይ ቢቆም አይደረስበትም፤ ለምን እንደዚያ ረዘመ ብትሉ ለምንም፤ የገባው እንግዳ ቀና ብሎ እንዲያይ ብቻ። መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው፣ አንዱ ተሰብሮ በቀይ ፕላስቲክ ተተክቷል፤ ኮሌታ ግን ለሰው ሲያሳይ እዚያኛው ጋ አይቆምም። ይህ ቤት ሳይሆን ፊት ነው። አማቴ ያንን ደረጃ አርባ ዓመት ተንበርክካ አጥባዋለች፣ አንድ ቀን ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ አላየኋትም። ከኋላ ያለችው የእኔዋ ክፍል በቁመት አምስት እርምጃ፣ በወርድ አራት ናት። ግድግዳዋ ክንድ ከስንዝር ውፍረት አለው። በብርድ ትሞቃለች፣ በሙቀት ትቀዘቅዛለች። ባሌ ግንበኛ ነበር። ወንድማማቾቹ ቤቱን ሲከፋፈሉ ታላላቆቹ ፊቱን ወሰዱና «አንተ ግንበኛ ነህ፣ የኋላዋን እየጠገንክ ትኖርባታለህ» አሉት። በአፍ ነው የተካፈሉት፤ የዘመድ ነገር ወረቀት አይሻም ተባለና። እሱም እሺ አለ። ሥራ የሚችል ሰው እሺ ማለት ይወዳል። የእነሱን ፎቅም ሲጠግን ኖሮ ከዚያው ደረጃ ላይ ሲሚንቶ እንደተሸከመ ወድቆ ነው ወገቡን የተሰበረውና የሞተው።

ኮሌታ በኋላ በር ዞሮ ገባ። በሳህን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዟል።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬ ፊትዎ ወዝ ብሏል» አለኝ። ከበሩ ወዲያ «እሷ»፣ ከበሩ ወዲህ «እርስዎ»።

«እንቁላሉ ተልጦ መጥቷል። ምን ፈለግህ?» አልኩት።

ሳቀ። ድካሜ እንደሚያሳስበው፣ ክፍሏ እርጥበት እንዳላት፣ እኅቱ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል እንዳዘጋጀችልኝ፣ ትንሽ ባርፍ መልካም እንደሆነ ነገረኝ። «ለስንት ቀን?» አልኩት። ወደ ጣሪያው ቀና አለ፣ ከዚያ ካፖርቴን አየ፣ ከዚያ የገዛ ጫማውን አየ። ባሌና የኮሌታ አባትም እንዲሁ ነበሩ፤ የዚህ ዘር ሰው ውሸት ሲያልቅበት ጫማውን ያያል። «እስኪ ሄደው ይዩት» አለና ወጣ። እንቁላሉን በላሁ። እንቁላሉ ምን አጠፋ።

ባለሙያዋ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይነ ግቡ ልጅ ናት፣ ወገቧ ላይ ሜትር አንጠልጥላለች፤ ስባው ስትለቀው እንደ እባብ ሽው ብሎ ይመለሳል። ግንበኛውም አብሮ ደረሰ። ባሌ እጁን ይዞ ግንብ ያስተማረው ነው፤ አሁን ራሱ ሸብቷል። ሲያየኝ ኮፍያውን አወለቀና መሬት መሬት አየ። ምን ሊያፈርስ እንደተጠራ ገብቶታል ማለት ነው። እኔም ካፖርቴን ለብሼ ዞርኩና በፊት ለፊት በር ገባሁ። ማንም ግቢ አላለኝም። የኮሌታ ሚስት ከንፈሯን ወደ አንድ ወገን አጣመመች፤ እኔም የምቀመጥበትን ወንበር መረጥኩ።

ኮሌታ ማውራት ጀመረ። ቅድመ አያቱ የቆዳ ነጋዴው ይህን ቤት በአንድ ዓመት ከስድስት ወር ከመሠረት እስከ ጉልላት እንዳሠሩት፣ ድንጋዩን ከሁለት ቀን መንገድ እንዳስመጡት፣ ቦታው ከእሳቸው በፊት ባዶ ሜዳ እንደነበር። ልጅቷ ትጽፋለች፣ ትለካለች። በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለካል ይባላል፤ ልጅቷ ሞኝ አልነበረችም፣ ክንዱን ያዋሳት እንጂ። ወደ እኔ ክፍል ባለው ግድግዳ ውስጥ ከተሠራው ቁም ሣጥን ዘንድ ሲደርሱ ኮሌታ ሁለቱን መዝጊያ እንደ መጋረጃ ገለጠው። እላይ ከብርጭቆዎቹ በላይ አንድ ቦይ ያለው ድንጋይ ከግድግዳው ክንድ ያህል ወጥቷል። «ይህ» አለ፣ «ቅድመ አያቴ ሲጽፉ መብራት የሚያስቀምጡበት ነው። በመጽሔቴ ገጽ ዘጠኝ ላይ ፎቶው አለ።» ልጅቷ ቀና ብላ አየችና ጻፈች። ሰው ያላየውን አይጽፍም ብዬ ነበር የማስበው።

«የኋላዋስ ክፍል?» አለች።

«እሷ ቅጥያ ናት። ለሠራተኛ በኋላ ዘመን የተለጠፈች። ፈቃዷ ወጥቷል፣ ነገ ትፈርሳለች።»

«ቅጥያውስ ይህ የቆማችሁበት ነው» አልኩ ከወንበሬ።

ልጅቷ ዘወር ብላ ፈገግ አለችልኝ። እንዲህ ዓይነቱን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ለሕፃንና ለአሮጊት የተዘጋጀ ነው። «እማማ፣ መጨረሻ ላይ የእርስዎንም እጽፋለሁ። ቅጹ ላይ ‹አፈ ታሪክ› የሚል ቦታ አለ» አለችኝ።

«እኔ ተረት የለኝም ልጄ። ግድግዳ ነው ያለኝ። የግንበኛ ሚስት ነኝ፤ ባሌ ማታ ቤት የሚገባው ጠጥቶ ሳይሆን የድንጋይ ወሬ ይዞ ነበር። ይህ ድንጋይ የመብራት ማስቀመጫ ነው ብለሽ ጻፍሽ። ከሰው ራስ በላይ ነው ያለው። ቅድመ አያቱ ቀጭኔ ነበሩ?»

ግንበኛው ሳቁን በሳል አሳለፈው። ኮሌታ «እትዬ ደክሟቸዋል» አለ። አልደከመኝም አልኩና ግንበኛውን በማሰሮ ውኃ ይዞ በርጩማ ላይ እንዲወጣ ነገርኩት። ወደ ኮሌታ አየ። የሚከፍለው እሱ ነዋ። «ባሌ በሕይወት ቢኖር ይህን ውኃ ለማፍሰስ የማንን ዓይን ታይ ነበር?» አልኩት። ወጣና ድንጋዩ ላይ ቦዩ ውስጥ አፈሰሰ። ውኃው ወደ ግድግዳው አልሄደም፤ ወደ እኛ ወርዶ ከድንጋዩ አፍ ዘለለና ኮሌታ ጫማ ላይ ተንጣጣ። አሸንዳ ነው። የዝናብ ውኃ ከጣሪያ ወደ ደጅ የሚጥል የድንጋይ አሸንዳ። ሰው አሸንዳውን ሳሎኑ ውስጥ አያፈስም፤ ያ ድንጋይ ሲገባ ይህ ሳሎን ደጅ ነበር። አፉ ሥር ያለውን ግድግዳ እዩት አልኳቸው፤ ብርጭቆዎቹ ሲነሱ ድንጋዩ ውኃ እንደበላው እንደ አሮጌ ጥርስ ተቦርቡሯል።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህን ሳይ ትንሽ ወደድኳት።

«ብፌውን አንሱት» አልኩ። የኮሌታ ሚስት ዕቃው ይሰበራል አለች፤ እኔም ከተሰበረ እውነተኛ ዋጋውን እኔ አውቀዋለሁ አልኳት። ብፌው ሲነሳ በሩ ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተጠረገ አቧራ አብሮ ወጣ፤ የቤት እመቤትነት እንዲህ ብፌ ሥር ነው የሚታየው። ልጅቷን በኋላ በር አዙሬ ወደ ክፍሌ አስገባኋትና ያንኑ በር በእኔ በኩል አሳየኋት። በሁለቱ የድንጋይ መቃኖች ላይ እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ ወፍራም የእንጨት መቀርቀሪያ ይገባበት የነበረ ነው። «ሰው መቀርቀሪያ የሚያደርገው በየት በኩል ነው?» አልኳት። «በውስጥ በኩል» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያስ ውስጡ የት ነው? ደጁስ የት ነው?» ኮሌታ ከኋላችን ሆኖ «ለጸጥታ ሲባል ይሆናል» አለ። ሠራተኛ በጌታዋ ላይ በር የምትቀረቅርበት ቤት ካለ አሳየኝና እኔም እቀጠራለሁ አልኩት። ከዚያ የገባንበትን የኋላውን በር አሳየኋት። መቃን የለውም፤ ድንጋዩ አልተጠረበም፣ ተሰብሮ ነው የወጣው። በር ተብሎ አልተሠራም፤ የተዘጋበት ሰው ግድግዳ በስቶ የወጣበት ነው።

ወደ ሳሎኑ ስንመለስ ግንበኛው ማንም ሳያዘው በርከክ ብሏል። ከበሩ ሥር ሁለት የወለል ሳንቃ በመሮ አላቆ ወደ ጎን አድርጓል። የሥራ ሰው አንዴ ከገባው ከፋዩን ይረሳል። ከሥሩ የድንጋይ ደፍ አለ፤ መሐሉ በእግር ብዛት እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ከደፉ ቀጥሎ የመንገድ ንጣፍ ድንጋይ፣ አንዱ ከአንዱ እንደተጋጠመ፣ በሳሎኑ ወለል ሥር ወደ አውራ ጎዳናው ይሄዳል። እዚያ ድረስ እኔም አላየሁም ነበር። ባሌ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ሚስት ለማስደሰት የሚነገር ነገር መስሎኝ ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ያን ጊዜ አማቴ የነገረችኝን ነገርኳቸው። በዚህ ክፍል ገመድ ገማጅ ሴት ትኖር ነበር፣ ባል የሞተባት። በሯ ወደ መንገዱ ነው፤ ደፉ ላይ ተቀምጣ ትገምዳለች፣ አላፊ አግዳሚው ይገዛታል። ያ ደፍ በእሷ መቀመጫና በገዢዎቿ እግር ነው የጎደጎደው። የቆዳ ነጋዴው ሽጪልኝ አላት፤ እምቢ አለች። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አለች። እሱም ከበሯ ፊት ያለውን መሬት ማን እንደሸጠለት ሳይታወቅ ገዛው። አንድ ቀን ጠዋት በሯን ስትከፍት ለመሠረት ገመድ ተወጥሯል። ገመዱን አየችው፤ የራሷ እጅ ሥራ ነው። ባለፈው ሳምንት ሸጣለት ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እሱ ግን አጥሯን አልነቀነቀም፣ ሁለት ፎቅ አቆመባት። የኋላ ግድግዳዋን በስታ ወጣች፤ በዚያ ቀዳዳ እየገባች እየወጣች አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። በጓሮ ገመድ የሚገዛ ማን አለ? ስትሞት ነጋዴው ክፍሏን የቆዳ መጋዘን አደረገው። ስሟን አማቴም አታውቀውም። የነጋዴውን ስም ግን እስከ ፈረሱ ድረስ ይነግሯችኋል።

ኮሌታ «የአሮጊቶች ወሬ ነው» አለ። ልጅቷ ግን እሱን አልሰማችውም፤ ደፉ አጠገብ ተንበርክካ በጣቷ ጉድጓዱን ትዳብሳለች። ጉንጯ ቀልቷል። «ይህቺ ክፍል ከፊቱ ቢያንስ ሰባ፣ ሰማንያ ዓመት ትቀድማለች» አለች። «ከተማው ውስጥ እንዲህ ሳትነካ የቆየች ሌላ አላየሁም። መመዝገብ ያለባት እሷ ናት።» ኮሌታ ጫማውን አየ፤ ጫማው ርጥብ ነው። ከዚያ ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆኖ ቀና አለ። «እኔም ሁልጊዜ እጠረጥር ነበር» አለ። «ቤተሰባችን ይህችን ክፍል በአደራ ጠብቆ ነው ያቆየው።» ነገ ሊያፈርሳት የነበረው ሰው ነው ይህን የሚለው። አፉ ከእግሩ ቀድሞ እንዲህ ሲዞር አንገቱ አለመሰበሩ ይገርመኛል።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተቀምጬ ሻይ ስጡኝ አልኩ፤ ሚስቲቱም አመጣች። ልጅቷ ቅጿን አውጥታ ትጽፋለች፤ ስትጽፍ ጮክ ብላ ትናገራለች። በክፍሏ እሳት አይነድም። ውኃ አይገባም። ግድግዳዋ ላይ ምስማር አይመታም። ከዛሬ ጀምሮ ታሽጋ ትጠበቃለች፤ ማንም አይኖርባትም።

«ማንም?» አልኩ።

«ለክፍሏ ደኅንነት ነው እማማ። የሰው ትንፋሽ እንኳ ልስኑን ይጎዳዋል።» ሰባ ስድስት ዓመት የተነፈስኩት ትንፋሽ፣ ከዚያ ውስጥ ሃምሳ ሁለቱን እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ልስን ጎዳ ተባለ። ልስኑን በየዓመቱ በእጄ የምለስነው እኔ ነኝ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ እንዲያውም እጄን ያዘችኝ። «እርስዎ ባይኖሩ ነገ ትፈርስ ነበር» አለችኝ። ከክፍሌ ሊያስወጡኝ የመጡት ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው በንቀት፣ ሁለተኛዋ በአክብሮት። በንቀት ለመጣው መልስ ነበረኝ።

ኮሌታ ፊቱ በራ። «እንግዲህ እትዬ እኅቴ ጋ መሄዳቸው አይቀርም ማለት ነው» አለ። ሚስቱ የሻዩን ብርጭቆ ሳልጨርስ አነሳችው።

አንድ ነገር ቀርቷል አለች ልጅቷ። የማፍረሻ ፈቃዱ በሥራ ላይ ነው፤ ድንጋዩን ለመመርመር ኮሚቴ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፤ ዛሬውኑ ለማገድ በቤቱ ረጅም ዘመን የኖረ ሰው የምስክርነት ቃል ያስፈልጋል። ይህም እኔ ነኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ካልፈረምኩ ኮሌታ ወደ ጠዋቱ አሳቡ ተመልሶ ክፍሏ ነገ ትፈርሳለች፣ እኔም እወጣለሁ፤ ከፈረምኩ ክፍሏ ትቆማለች፣ እኔ እወጣለሁ። ኮሌታ ከመሳቢያ የጣት ማኅተሚያ ቀለም አወጣና ክዳኑን ከፍቶ አቀረበልኝ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው።

«እስክሪብቶ አምጣ» አልኩት። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረኝ ባሌ ነው፤ ማታ ማታ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፈ፣ ጠዋት እኔ በኖራ እየቀባሁት። ፈጥኜ አላነብም። የማነበው ግን አይጠፋኝም። ወረቀቶቹን ሁሉ ስጡኝ አልኩ፤ ኮሌታ ራሱ ያስገባውን ማመልከቻ ጭምር። አንድ አንድ ቃል በጣቴ እየያዝኩ አነበብኩ። ሰዓቱ ሄደ፤ ሚስቲቱ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። ማመልከቻው ሦስተኛ መስመር ላይ ደረስኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ቤቱ የወራሾች የጋራ ይዞታ ሲሆን እስካሁን ያልተከፋፈለ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

«ይህ የአንተ ጽሑፍ ነው?» አልኩት።

«አሠራሩ እንዲያ ነው፤ ከተከፋፈለ አይመዘግቡትም» አለ።

«ልጄ» አልኳት ባለሙያዋን፣ «የፊት ቤቱስ? እዚህ ሳሎን ውስጥ ሰው መኖር ይችላል?»

«ይችላል። ይህኛው በኋላ የመጣ ነው፤ ደንቡ ይላላል። ቤተሰብ እንደ በፊቱ ይኖርበታል፣ እሳትም ይነድበታል።»

«እኔስ ወራሽ ነኝ?»

ልጅቷ ኮሌታን አየች፣ ግንበኛው ኮሌታን አየ። ኮሌታ ጫማውን አየ። «የሟች ሚስት ነዎት» አለች ልጅቷ። «ያልተከፋፈለ ከሆነ በሁሉም ላይ መብት አለዎት።»

«እንግዲያስ ጻፊ። ክፍሉ የገመድ ገማጇ ቤት ነው፣ የቆዳ ነጋዴው በሯ ላይ ሠርቶ ዘጋባት፤ እንዲሁ ጻፊው፣ ‹በስተኋላ ዘመን ተስፋፋ› ምናምን አትበይ። ሰሌዳም ከተሰቀለ ይኸው ይጻፍበት።» ጻፈች። አንብቢልኝ አልኳት፤ አነበበች። ድገሚው አልኳት። ሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ኮሌታ ወደ ሰገነቱ ወጣ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ሁለት መስመር ያዘ፤ ቦታው ጠበበ ብላ አልተቆጣችም።

ክፍሌን ራሴ ባዶ አደረግሁት። የምኖርበት ነገር ያን ያህል ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር። ድስት፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ባሌ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለካበት ቱንቢ፣ ጠረጴዛ። ግንበኛው አልጋውን ፈታቶ በመንገዱ አዙሮ ወደ ሳሎኑ አስገባው፤ ጎረቤት በር ላይ ወጥቶ አየ፤ ይይ። ልጅቷ የኋላውን በር በክርና በሰም አተመችው። ሰሙ ላይ ማኅተሙን ስትጫነው ፊቴን አዞርኩ፤ እሷም እንዳላየች ሆነች። ያኔ ነው ሁለተኛ የወደድኳት።

ሊመሽ ሲል ሳሎኑ ውስጥ እኔና ግንበኛው ብቻ ቀረን። ፎቅ ላይ ሳንቃው እንኳ አይጮህም፤ ባልና ሚስቱ ቁመው እየሰሙን ነው። ከዛሬ ወዲያ ለመውጣትም ለመውረድም በአልጋዬ አጠገብ ማለፍ አለባቸው። ሳሎኑ ለሰው የተሠራ አይደለም፤ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ጣሪያው ይወጣና እዚያው ይቀራል፣ ከመስኮቶቹ ሥር ነፋስ ይገባል። ሞቅ የሚለው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ያ የወፍራሙ ግድግዳ ጥግ፣ አሮጌው በር ያለበት። ግንበኛው ይህን ያውቃል። ሳይጠይቀኝ አልጋውን እዚያ ገጠመው፣ ራስጌውን በሩ ላይ አስደግፎ። ብርድ ልብሱንም አነጠፈልኝ።

«እዚህ ይሞቅዎታል እማማ» አለ።

ቁሜ አየሁት። ደፉ እንደተገለጠ ነው፤ የአልጋው አንድ እግር ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

«አንሣውና ወደ መስኮቱ ውሰደው» አልኩት።

«እዚያ እኮ ብርድ ነው።»

«አውቃለሁ። የሰው በር ላይ አልተኛም።»